ጎማ የሌለው አልጋ

ጥቅምት 9
የሕፃን አልጋ ጀመርኩ። ልጄ ካረገዘች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ባለቤቴ "ምን አስቸኮለህ?" ትላለች። ጥሩ እንጨት ችኮላ አይወድም፤ ለዚህ ነው በጊዜ የጀመርኩት።
"የአልጋው እግር ሥር ጎማ አድርግበት። መዶሻህ ሕፃኑን እንዳይቀሰቅሰው" አለችኝ።
መኝታ ቤቱና የሥራ ክፍሌ አንድ የሳንቃ ወለል ነው ያላቸው። ቢሆንም አላደርግም። ጎማ የሰነፍ አናጢ መሸፈኛ ነው። ልጅ ጫጫታ ለምዶ ይደግ።

ጥቅምት 21
ልጄን ትኩሳት ያዛት፤ ቀይ ሽፍታም ወጣባት። "ሙቀት ነው" አልኩ። ቶሎም ለቀቃት። ሐኪሟ ግን ደሟን አስመርምራ የጀርመን ኩፍኝ ነው አለች። ለእናት ቀላል፤ ለጽንስ ግን... ልብ፣ ዓይን፣ ጆሮ። ከማርገዟ በፊት ብትከተብ ኖሮ ክትባቱ ይከላከልላት ነበር። አሁን መከታተል ብቻ።
ሐኪም ማስፈራራት ይወዳል። ግን ቢሆንስ?

ሚያዝያ 12
ወንድ። እንደ ጫጩት ትንሽ። ልቡ ደህና፣ ዓይኑ ደህና። ጆሮውን በማሽን ሞከሩት፤ በሁለቱም በኩል አላለፈም።
"አባባ፣ ለዋናው ምርመራ በቀጠሮው አምጡት። ቶሎ ሲታገዝ ነው ቋንቋ የሚለምደው" አለች ሐኪሟ።
ማሽን ይሳሳታል። ስንቱን ፈትቼ ገጥሜያለሁ።

ግንቦት 3
ይሰማል። መዶሻዬን ወለሉ ላይ ጣልኩ፤ አልጋው ውስጥ ደንግጦ እጆቹን ዘረጋ። ደገምኩ። ደገመ። ልጄ እያለቀሰች ሳቀች።
"እውነትህን ነው፣ አባዬ?"
"ዓይንሽ አላየም?"
ቀጠሮውን ተወችው። ባለቤቴ ብቻ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ከሐኪም ጋር እልህ ተጋብተህ ልጁን እንዳትጎዳው" አለች።


ግንቦት 17
ትልቁ መዶሻ ከመደርደሪያ ወደቀ። ልጁ ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብዬ አየሁ... በአልጋው እግሮች ሥር ጎማ።
"አንቺ ነሽ?" አልኳት ባለቤቴን።
"እኔ ነኝ። በአንተ መዶሻ እየባነነ እንቅልፍ አጣ።"
ሁለት እንጨት አንስቼ ከራስጌው አጋጨሁ። የእኔ ጆሮ ጮኸ። እሱ ተኝቷል።
ለካ የሚነግረው ወለሉ ነበር። ንዝረቱ፣ በጀርባው። የገዛ ሳንቃዬ ሸነገለኝ። ለልጄ ምን ብዬ...

ግንቦት 18
ነገርኳት። "ተሳስቻለሁ" አልኩ።
"ይህን ቃል ከአንተ አፍ ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። ከዚያ ልጁን አቅፋ ወጣች። ተከተልኳት።
ሐኪሟ አልተቆጣችም። "አልረፈደም" ብቻ።

ነሐሴ 25
የጆሮ መሣሪያ አድርጓል። በቀኙ ትንሽ ይሰማል ይላሉ፣ በግራው እንጃ። የምልክት ቋንቋም ሁላችንም እየተማርን ነው። አስተማሪያችን፣ "አባባ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሚስማር እየመቱ አይደለም" ትለኛለች።
ዛሬ ጎማዎቹን ከአልጋው እግሮች ሥር አወጣሁ። ልጁ መሣሪያው ወልቆለት ተጋድሟል። ከእግርጌው ተንበርክኬ ወለሉን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩ።
ዓይኑ ፈለገኝ። አገኘኝ።
በጣቶቼ "አያት" አልኩት።