የምንሊክ ሩብ

ይድረስ ለልጄ ለሰገነት፤ ናዝሬት።

ከባሕር ዳር፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ሰላምታዬ ቀድሞኝ ከደጅሽ ይግባ። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ በቆሎዬን ራሴ አርማለሁ፣ ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ።

«የድሮ ሳንቲም መልቀሙን ይተው፤ ቤቱን ዘግተው ይምጡ» ብለሽ መጻፍሽ አናዶኛል። የትኛውን ጊዜዬን ነው የማባክነው? ክረምቱን አረም፣ መኸሩን አጨዳ፣ እሑድን የማኅበሩ ስብሰባ ይበላዋል። የተረፈኝ ቀትር ነው፤ ያኔ ደጃፍ ላይ ፀሐይ በርቶልኝ ሳንቲሞቼን እለያለሁ። የማታውን ትቻለሁ፤ ኩራዝ ጋዝ ይፈጃል።

ወሬውን ያደረሰልሽ ጎረቤቴ ደሞዝ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሙኒራ ዓሣ ገዝቼ በሃምሳ ሳንቲም ፈንታ እናትሽ ያስቀመጠችልኝን የምንሊክ ሩብ ብር ሰጠኋት። እሷም ከኋላዬ ሮጣ መጣች።

«አባባ አምባቸው፣ ይኼኮ የምንሊክ ነው፤ አላዩትም?»

«ሆን ብዬ ነው፤ ልፈትንሽ።»

«እንግዲያው አልፌያለሁ፤ ሃምሳ ሳንቲሜን ያምጡ» ብላ ሳቀችብኝ። ሰው ፊት ሰደብኋት። ያም አንበሳ አለው፣ ያሁኑም አንበሳ አለው፤ መጠናቸው አንድ ነው። ጥፋቱ ሳንቲሙን የቀረጸው ሰው ነው።

ፊደሌ ከመስመር ከወጣ ወረቀቱ ክፉ ሆኖ ነው።

ናዝሬት አልመጣም፤ ዕዳ አለብኝ። ለሙኒራ ይቅርታ፣ በወንፈል ላገዘኝ ለአዘዘ የአንድ ቀን አረም፣ ለእናትሽ የመቃብሯ አጥር። ሁሉንም ራሴ እከፍላለሁ፤ ማንም እጁን እንዳያስገባ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ ደኅና ያቆይሽ። መምጣትሽ ካልቀረ ግን ከበሩ ሆነሽ ስምሽን ተናገሪ። ዝም ብሎ መግባት ነውር ነው።

አባትሽ አምባቸው