የሶፋዋ የፊት ፍሬን

ሰይዴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ የልጄ አባት። በመቃብርህ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር በከንፈሬ የምለውን ሰላምታ ዛሬ በእጄ ጻፍኩት። ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ሰዎች ሐዘኑ እየቀለለ ይሄዳል ይሉኝ ነበር፤ እንጃ፣ ለእኔ የተለወጠው የማልቀሻ ሰዓቱ ብቻ ነው። ድሮ ሲመሽ ነበር፤ አሁን ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ባላሰብኩት ቦታ ይመጣብኛል።

የቤቱን ልንገርህ። ጥይት የበሳሳውን የጣሪያ ቆርቆሮ ቀይረናል። ሎሚዋ ደርቃ ነበር፣ ከሥሯ እንደገና አቆጥቁጣለች። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ የዳር ማሳዎችን ነክቷል። ልጃችን ሙሄ በቁመት አልፎሃል፤ ጃኬትህ ትከሻው ላይ ልክ ሆኖ እጅጌው አጥሮበታል። ከኋላው ሳየው ልቤ ድንግጥ ይላል። ይህን ሁሉ ትቼ ግን የማወራህ ስለ ሶፋዋ ነው።

ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ተስፋ ባደረገበት ዓመት ነበር ያመጣሃት። ከኮምቦልቻ ነድተህ ስትገባ የሐይቅ ከተማ ሰው ከበባት። ዝቅ ያለች፣ ከባድ፣ እጀታዋ ወደ ኋላ የተሳበ፣ መቀመጫዋ የተንደላቀቀ ሞተር። መካኒኩ ይመር ክሩዘር የሚሏት ዓይነት መሆኗን ሊያስረዳ ቢሞክር ማን ሰምቶት፤ ሶፋ ብለው አወጡላት፣ ሶፋ ሆና ቀረች። አንተም ሰይድ ሶፋ ተባልክ፣ ወደድከው።

ሁሉ ነገሯ አምሮ የፊት ፍሬኗ ብቻ ደካማ ነበር። ለዚያ ሁሉ ክብደት ጎማው እምብርት ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ታምቡር፣ በካቦ፣ በቀጭን የብረት ገመድ የምትሳብ። ሜዳ ላይ ምንም አይደል፤ ቁልቁለት ላይ ክብደቷ ሁሉ ወደ ፊት ሲመጣ ግን አቅም ታጣለች። አንተም ሕግ አወጣህ፤ ተሳፋሪ ሽቅብ እጭናለሁ፣ ቁልቁል አልጭንም። የግሸን ተሳላሚዎችን ስታመላልስ እንኳ ከቁልቁለቱ ጫፍ አውርደህ በእግር ታስኬዳቸው ነበር። ያጉረመርማሉ። ታች ጠብቀሃቸው ሲያገኙህ ግን "እመቤቴ ትጠብቅህ" ይሉሃል፣ አንተም "አሚን" ትላለህ።

እኔም ከሕጉ አላመለጥኩም። አምባሰል አባቴ ቤት ሰንብተን ስንመለስ፣ እዚያች ጫፍ ላይ ስትደርስ ታወርደኛለህ። ባለ ሞተር አግብታ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቁልቁለት የምትወርድ ሴት እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ፣ እየተሳደብኩህ እወርድ ነበር። አንተ ታች ካለው ዋርካ ሥር ሞተሩን አጥፍተህ፣ ሶፋዋ ላይ ጋደም ብለህ በአምባሰል ዜማ ታንጎራጉራለህ። ገና ሳላይህ ዜማው ይደርሰኛል። ስደርስ ንዴቴ የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ከትዳራችን ሁሉ አብልጬ የምወደው ያችን ቁልቁለት ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐይቅ ሲገባ ወደ አባቴ መንደር ሸሸን። ይመር ጠንካራ የፊት ፍሬን አፈላልጎ ሊገጥምልህ ቃል የገባልህ ለዚያው ሰሞን ነበር፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ነገሩም ቀረ። የአባቴን ጎረቤት ደምሌን ተባራሪ ጥይት ጭኑን ያገኘው በዚያ መሐል ነው። አምቡላንስ የለ፣ መኪና የለ። ደሙ አልቆም አለ። ከታች ያለው ጤና ጣቢያ ነርሶቹ አልሸሹም ተባለ። ደምሌን ሶፋዋ ላይ ከኋላህ፣ በነጠላዬ ከወገብህ ጋር አስረን ስናስቀምጥልህ ቁልቁለቱ ትዝ ያላለኝ እንዳይመስልህ። አየሁህ፣ አየኸኝ። "መቼም እሱን በእግርህ ውረድ አልለው" አልክ። ከአፍህ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ደምሌ ተረፈ። አንተን በጋቢ አመጡልኝ።

ከቀብር በኋላ ወሬ ተነሣ። የእኛ አገር ሞተረኛ የፊት ፍሬን እንደ እባብ እንደሚፈራ ታውቃለህ፤ ከነካኸው ይገለብጥሃል ባይ ነው። አንተ "የኔዋ ልገልብጥህ ብትል እንኳ አቅሙ የላትም" እያልክ ታስቃቸው ነበር። ስትሞት ግን ሰይድን የፊት ፍሬን ገለበጠው አሉ፤ ለቅሶ ቤቴ ተቀምጠው አሉ። ሙሄም ሰማ፣ አመነ።

ዘንድሮ ሶፋዋን ከሸራ ሥር አውጥቶ፣ የተጣመመውን አቃንቶ አስነሣት። የአባቴን ሥራ እሠራለሁ አለኝ። ሌላ ሥራ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እንቢም እሺም ሳልል ከረምኩ። አንድ ቀን አቧራዋን ስወለውል የፊት ፍሬኑ እጀታ ላልቶ ተወዛወዘብኝ። ካቦው የለም። ስጠይቀው ዓይኑን ሳያሽ "እኔ ነኝ ያወጣሁት። ወላሂ አባቴን የገደለ ነገር እኔ ላይ አይገጠምም" አለኝ። ሰይዴ፣ ልጅህ ላለመሞት ብሎ ሊሞት ነበር። ያለ ፊት ፍሬን ያችን ቁልቁለት! ጮህኩበት። ቁልፉን ነጥቄ በመቀነቴ ቋጠርኩት።

እኔን አልሰማ ሲል ደምሌን አስጠራሁት። እያነከሰ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሶፋዋን ሲያይ ፊቱን አዞረ፣ ከዚያ ለሙሄ እንዲህ አለው፤ "ልጄ፣ አባትህ ፍሬኑን ጨበጠው፣ ጨበጠው፣ ባለ ጉልበቱ ሁሉ ጨበጠው፣ አልያዘለትም። ቢይዝለትማ ዛሬ እሱ ነበር የሚነግርህ። እንዳልሆነለት ሲያውቅ ወደ ገደሉ እንዳንሄድ በራሱ ጎን ከተራራው ጥግ አላተማት። እሱ ከሥር ሆነ፣ እኔ ከላዩ ወደቅሁ።" ሙሄ መሬት መሬቱን አይቶ አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህንን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደምሌ እስከዚያ ሊነግረኝ አልደፈረም ነበር።

ይመር ጋ ወሰድናት። ታምቡሩን ከነትርፍራፊው አውጥቶ ጣለው። ከሌላ ከባድ ሞተር የወጣ የፊት ጎማ፣ ዲስክ የሚሉት፣ ፍሬኑ የሚነክሰው ሰፊ የብረት ሰሃን ያለው፣ ከነተሸካሚ ክንዶቹ ገጠመላት። አሁን ፍሬኑን የሚገፋው ካቦ ሳይሆን ዘይት ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ግን ፍሬኑ አይረባም አለና እጀታውን አስጨበጠኝ። ያዢ ሲለኝ እይዛለሁ፤ እሱ ከታች ብሎኗን ያላላል፣ ዘይቱ አረፋ እየተፋ ይወጣል፣ መልሶ ያጠብቅና ልቀቂ ይለኛል። መጀመሪያ ልፍስፍስ ነበር። እየቆየ ጠነከረ፣ በመጨረሻ አልጨበጥ ብሎ ጣቶቼን መለሳቸው። እዚያ ላይ አለቀስኩ። ያን ጥንካሬ ለአንተ እጅ ነበር የምፈልገው። ይመር ዘይት ዓይኔ የገባ መስሎት ጨርቅ አቀበለኝ።

ባለፈው ጁምዓ ከሙሄ ጋር አባቴን ጠይቀን ስንመለስ ከቁልቁለቱ ጫፍ ደረስን። መጀመሪያ ብቻህን ውረድና ልይህ አልኩት። ከላይ ቆሜ አየሁት። አንተ የወደቅህበት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ጨበጠው። ሶፋዋ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ቀጥ አለች። ቁልቁለቱ መሐል፣ ከነክብደቷ። አልተገለበጠችም። ሙሄ እግሩን መሬት አስነክቶ ወደ ላይ አየኝ። ያረቢ፣ ለካ የጎደለህ ይኼን ያህል ብቻ ነበር።

ዞሮ መጣልኝ። "እማ፣ ከኋላዬ ውጪ፣ ይይዛል፤ ከእንግዲህ ማንም በእግሩ አይወርድም" አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አለኝም፣ ከፋኝም። ቁልፉ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው አልኩት። እኔ ግን አልወጣሁም። እንዳላመንኩት ቆጥሮ ፊቱ ጠቆረ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ፍሬኑንማ አምኜዋለሁ፣ በገዛ እጄ ነው የጠነከረው። ግን ተቀምጬ ከወረድኩ ዋርካውን እንደማንኛውም ዛፍ አልፌው ልሄድ ነው። በእግሬ ስወርድ ግን እስከ መጨረሻዋ መታጠፊያ ድረስ አንተ ታች አለህ።

ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩ። ሙሄ ቀድሞኝ ዋርካው ሥር ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ። ዜማውን ግን አያውቀውም።

እንዳልረሳህ በሌላ ነገር አልምልልህም፤ መሐላዬ ያችው ቁልቁለት ናት። ተሳፋሪው ሁሉ ተቀምጦ ይውረድ፣ ልጃችንም በሰላም ያድርሳቸው። እኔ ጉልበቴ እስካለ ድረስ ያችን ቁልቁለት በእግሬ፣ እንደ ድሮው እየተሳደብኩህ እወርዳለሁ።

ዘሀራህ