የኦቦ ኦላና ድቅል ላም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1978
የአባሰንጋ ክትባት። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ዛሬ አለቀ… ከአንድ በረት በቀር። እስከ ጉልበቴ ጭቃ። አንድ ወይፈን መርፌ አጎበጠብኝ፣ ሌላው ረገጠኝ። ቢሆንም ደስ የሚል ቀን ነበር።

የቀረው የኦቦ ኦላና በረት ነው። ሽማግሌው በክፋት አልከለከሉኝም። ወተት አጠጡኝና፣ ከብት የምትወጋ ሴት አይተው እንደማያውቁ፣ የአቃቂ ከብት ክሊኒክ አለቃዬን ዶክተር ገብረጻድቅን እንደሚጠብቁ በትሕትና ነገሩኝ። ወተቱን ጠጥቼ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
አባባ ከድሬዳዋ ገባ። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆርጥ ስለኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል… ከተማ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሥራ አግኝቶልኛል። ወንበር አለው፣ ጭቃ የለውም አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ።

ልብሴ በረት በረት ይሸታል። እሱ ግን ስለ ሽታው አልተናገረም። ለኔ ብሎ ነው… አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
ጠዋት አደ ዳሲቱ፣ የኦቦ ኦላና ባለቤት፣ እያለከለኩ ክሊኒኩ መጡ። ቤታቸውን የምታኖረው ድቅል ላም ምጥ ይዟት ጥጃው አልወጣም አለ። ዶክተሩን ጠየቁ። ሞጆ ሄዷል። «እንግዲያስ አንቺ ነይ» አሉኝ።

እጄን ሳስገባ የጥጃው ጭንቅላት መጥቷል፣ አንድ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፏል። መልሼ ገፋሁት። ማሕፀኗን እንዳይቀድ ሰኮናውን በመዳፌ ሸፍኜ እግሩን አቃናሁት። ክንዴ ደነዘዘ። ገመዱን የያዙት ኦቦ ኦላና ናቸው። ስታምጥ ብቻ ይሳቡ አልኳቸው፣ ያልኳቸውን አደረጉ።

ጥጃዋ ስትወጣ አትተነፍስም። አፍንጫዋን ጠረግሁ፣ በጭድ ነካካሁ… አነጠሰች። ሴት ናት!

እናቷ ግን ልትነሳ አልቻለችም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
ስደርስ ላሟ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች። ጆሮዋ በረዶ። ጎረቤቶች ሳትሞት ትታረድ ብለው ካራ ስለዋል።

ኦቦ ኦላና ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ላርዳት ወይስ ልጠብቅ?»

«ይጠብቁ።»

አልኩ እንጂ… ባትነሳስ? ሥጋዋም ቀረ ማለት ነው። ደሟ ካልሲየም አንሶታል ብዬ ነው። ወተቱ ሁሉንም ይስበዋል። ካልሲየሙን በአንገቷ የደም ሥር በቀስታ ሰጠኋት፤ ከፈጠነ ልብ ያቆማል። ጠርሙሱ አለቀ። ምንም የለም።

ከዚያ ጡንቻዋ ተንቀጠቀጠ። አገሳች። በጉልበቷ ተነሳች፣ ወደቀች፣ እንደገና… ቆመች። አደ ዳሲቱ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው አለቀሱ። ኦቦ ኦላና ካራውን አስገብተው ተመለሱና የበረቱን በር ከፈቱ። ያልተከተቡትን ከብቶች እንድወጋላቸው ነው። ሁሉንም ከተብኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30
ለአባባ ነገርኩት። መዝገብ ቤቱ ይቅርብኝ። እራቱን ጨርሶ ተኛ… ተቀይሞ ይሆን?

እሑድ፣ ኅዳር 8
ሳምንቱን ሙሉ ሲጠሩኝ ሰነበትኩ። አንዳንዱ ዶክተሩን ሳይጠይቅ በቀጥታ እኔን ይላል።

ማምሻውን አባባ ኮፍያውን ሳያወልቅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ባቡር ውስጥ አንድ የዱከም ገበሬ፣ ሁለት ላሞች ታመውበት፣ አቃቂ ያለችውን ሴት የከብት ሐኪም የሚያውቅ ካለ እያለ ተሳፋሪውን ሲጠይቅ አገኘው።

«ምን አልከው?»

«ልጄ ናት አልኩት።» ዞር ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። «ነገ ጠዋት አመጣታለሁ ብያለሁ። ተረኛ ነኝ።»

መድኃኒቱን አሰናድቻለሁ። ነገ በጠዋቱ ባቡር ከአባባ ጋር ዱከም… ሁለታችንም ለሥራ።