ሞተሮቹ የጠፉበት ዓመት

ውድ ጋሼ ኡዶን፣

ስልክህ ይጠራል፣ አታነሳውም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። አትክልት ሊጭን ወደ እናንተ የሚወጣው ሾፌር ለልጅህ በእጇ አደርስላታለሁ ብሎኛል። ብትቆጣኝ ቅር አይለኝም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። አንተ የሄድክ ሰሞን ያደረገችውን ማንም የነገረህ አይመስለኝም። የኡዶን ነፍስ ደንግጣ ወንዙ ውስጥ ቀርታለች ብላ፣ ሸሚዝህን በሰፌድ ላይ አጥፋ፣ እንቁላልና አበባ ጨምራ ወደ ውሃው ወረደች። ዳር ቆማ «ና፣ ቤትህ ግባ፣ ሩዙ በስሏል» እያለች ስትጠራህ አጠገቧ ነበርኩ። ነፍስህ እንዳትርቅ እጅህ ላይ ልታስረው ያዘጋጀችው ነጭ ክር አሁንም ሸሚዝህ ኪስ ውስጥ አለ።

ያለፈውን ዓመት ነገር እኔና አንተ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። እኔ ያየሁትን ልንገርህ፤ ከሩቅ ስለሆነ ጥቂት ነው። በጀልባ ውድድሩ ቀን የዳኞቹ ማማ ላይ ነበርኩ። የበዓሉ አስተባባሪ ከሆንኩ ወዲህ የተበላሸ ድምፅ ማጉያም፣ የሰከረ ሰውም፣ የጠፋ ልጅም የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ጀልባችን ከገበያ ሰፈሩ ጀልባ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዛ ስትወርድ አየኋት። አንተ ከኋላ ቆመህ ትመራለህ፣ ቡንታን ከፊትህ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ጎብኚ የጫኑት የሞተር ጀልባዎች ፎቶ ለማስነሳት ከግራም ከቀኝም ይጠጓችኋል። አንዱ ድንገት ዞረ፣ ሞገዱ መጣ፣ ያቺ ረጅም ቀጭን ጀልባ በጎኗ ተኛች። ዳር ያለው ሰው አጨበጨበ። ክፋት አልነበረም፣ የትርዒቱ አካል መስሏቸው ነው። ያን ጭብጨባ ግን እስካሁን ከጆሮዬ ላወጣው አልቻልኩም።

ሌሎቹ ቀዛፊዎች አንድ በአንድ ወጡ። አንተ መጨረሻ ላይ ወጣህ፣ ብቻህን። ቡንታንን በማግስቱ ዓሣ አጥማጆች ከአሸዋው ደሴት በታች አገኙት። አስከሬኑ በእሳት የተሸኘ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ገዳም ግቢ ውስጥ ነበር። አንተ ግን ማለዳውን መንገድ ጀምረህ ነበር።

ከሄድክ በኋላ ገበያ ውስጥ የተወራውን አልደብቅህም። አንዳንዱ «መሪው ጠጥቶ ነበር» አለ። ለጀልባዋ እመቤት፣ ለጠባቂ መንፈሷ፣ ከተቀዳው የሩዝ አረቄ ሁላችሁም አንዳንድ ጉንጭ እንደተጎነጫችሁ፣ አባታችንም አያታችንም ከመውረዳቸው በፊት እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር የማያውቅ ሰው የለም። ግን ሰው ሞት ሲያይ ምክንያት ይፈልጋል። ቅርብ ያለውን ምክንያት ያነሳል፤ ከሁሉ የሚቀርበው ደግሞ የሌለ ሰው ነው። ዓሣ ስገዛ ሲያወሩ ሰምቼ ዓሣውን ጥዬ የወጣሁበት ቀን አለ።

ክረምቱ ሳይገባ ወደ አለቃዬ ወደ ሲሱፋን ቢሮ ገባሁ። ውድድሩ ሲካሄድ አንድም የሞተር ጀልባ ውሃው ላይ እንዳይኖር አልኩት። ሲሱፋንን ታውቀዋለህ፤ ክፉ ሰው አይደለም። አንገቱን አከከ። ሰው የሚመጣው ውሃ ላይ ሆኖ ለማየት እንደሆነ፣ ዳር ቁሙ ብንላቸው ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄዱ፣ እንግዳ ከቀረ የእንግዳ ማረፊያው፣ ከዚያ ልብስ አጣቢዋ፣ ከዚያ ኑድል ሻጯ ጦማቸውን እንደሚያድሩ አስረዳኝ። ውሸት ብዬ ልከራከረው አልቻልኩም። የቡንታን ሚስት የፔትሳሞን ታናሽ እህት ራሷ ልጆቿን የምታሳድገው የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያጠበች ነው። በዓሉ ሰፈራችንን አብልቶታል። ቡንታንንም የበላው እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ሰው የቱን ይዞ እንደሚከራከር አንተ ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ ስብሰባ መጣ። የሞተር ጀልባ ነጂዎቹ በሙሉ መጡ፤ አዳራሹ ውስጥ መቀመጫ አልተረፈም። ተነስቼ ሐሳቤን ገና ሳልጨርስ አንድ ሽማግሌ ነጂ ከፊት ወንበር ጣቱን ቀሰረብኝ።

«አንቺ ደሞዝሽ በየወሩ ይመጣል» አለኝ። «የኛ ዓመት ግን ያቺ አንድ ቀን ናት። የወንድምሽን እፍረት በእኛ እንጀራ ልትሸፍኚ ነው?»

አንዳንዶች ሳቁ። ወረቀቴን አጥፌ ልቀመጥ ስል ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ሴት ተነሳች። ፔትሳሞን ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ከስታለች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ለምን እንደያዘችው አላውቅም፣ ለመሄድ ተነስታ ሐሳቧን የቀየረች ትመስል ነበር።

«እኔ የማንንም እፍረት አልሸፍንም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ባሌ ነው የሞተው። አንድ ቀን ሞተራችሁን አጥፉ።»

ይህን ብላ ወጣች። ሽማግሌው ነጂ ጣቱን ሰብስቦ ወለሉን ማየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው የለም፤ ሲሱፋንም ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሮ መዘገበው።

የጀልባዋ ነገርም ቀላል አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሰው የበላች ጀልባ መጠለያዋ ውስጥ ትበስብስ ብለው ነበር። የገዳሙ አለቃ ግን እንጨት ጥፋት የለበትም አሉ፤ ጸሎት አድርሰው፣ ውሃ ረጭተው፣ አፍንጫዋ ላይ አዲስ የአበባ ጉንጉን አሰሩላት። ወጣቶቹ ለመቅዘፍ እሺ አሉ። ቡንታን ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ግን ማንም ሊቀመጥ አልፈለገም፤ ባዶውን ይሂድ ተባለ። በአንተ ቦታ ከማዶ መንደር ሰው ለመኑ። ትሑት ሰው ነው፣ ጀልባ ሲመራ ግን ጎሽ የሚነዳ ነው የሚመስለው። ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን እማዬ ናት።

መነኮሳቱ ከሱባኤያቸው ሊወጡ ሲቃረቡ የውድድሩ ቀን ደረሰ። የሞተር ጀልባዎቹ ከድልድዩ በታች በገመድ ታስረው፣ ነጂዎቹ ላያቸው ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ። ዳር የቆሙት እንግዶች አጉረመረሙ፤ ምንም አይታየንም እያሉ የበዓሉ ጽሕፈት ቤት ድረስ የመጡም ነበሩ። እኔ ግን ማማው ላይ ሆኜ ከልጅነታችን ወዲህ ያልሰማሁትን ሰማሁ። የመቅዘፊያዎቹን ድምፅ። ሁሉም እኩል ውሃ ሲገቡና እኩል ሲወጡ፣ ጀልባዋም በየመሐሉ ስትተነፍስ። ሞተሩ ምን ያህል እንደሸፈነው አላወቅንም ነበር። ይህን ስሰማ አንተ አለመኖርህ አንገበገበኝ።

ተሸነፍን። በደንብ አድርገን ነው የተሸነፍነው። የኛ ቀዛፊዎች ግን መጨረሻው ላይ አልቆሙም፤ ቀስ እያሉ ያ ነገር የሆነበት ቦታ ድረስ ወረዱ። ከበሮው ዝም አለ። መቅዘፊያቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያዙና ወንዙ ራሱ እንዲወስዳቸው ተዉት። ድምፅ ማጉያው የቢራ ማስታወቂያ እየጮኸ ስለነበር ሮጬ ሄጄ ሽቦውን ነቀልኩት። ዳር ካሉት እንግዶች ብዙዎቹ ያለቀ መስሏቸው ዕቃቸውን ሰብስበው መሄድ ጀመሩ። የሰፈራችን ሰው ግን ቆሞ ቀረ።

ማታውኑ ሲሱፋን እጄን ጨብጦ ጥሩ ሥራ ሠርተሻል አለኝ። ቀጥሎም፣ የዘንድሮው ለሐዘኑ ሲባል የተደረገ እንደሆነ፣ ለከርሞ የሞተር ጀልባዎቹ እንደሚመለሱ ነገረኝ። እንግዳው ለምን ቀነሰ ተብሎ ከላይ ተጠይቋል። ለከርሞም እከራከራለሁ። ማሸነፌን ግን እንጃ።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ነገር ልምጣ። በበዓሉ ማግስት ፔትሳሞን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ለእማዬ ይዛ ቤታችን መጣች። ሻይ ሰጠኋት፣ አልጠጣችውም። ስለ ልጇ ትምህርት፣ ስለ ጣራዋ ማፍሰስ አወራን። ከዚያ ስላንተ ጠየቀችኝ። ሴት ልጁ ጋ ነው፣ ሩዝ ያጭዳል አልኳት።

«እትዬ ማኒ፣ ሰው ሁሉ ማን እንዳጠፋ ነው የሚነግረኝ» አለችኝ። «ሞተሩ ነው ይሉኛል፣ ጽሕፈት ቤቱ ነው ይሉኛል፣ ኡዶን ነው የሚሉኝም አሉ። እኔ ግን ይህን አልጠየቅኩም። ቡንታንን መጨረሻ ላይ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፈርቶ ነበር? ተጣርቶ ነበር? ወይስ ሳያውቀው ነው የሄደው? እኔ በየቀኑ ሌላ ሌላ አድርጌ ነው የማየው፤ አንዴ ሲጮህ፣ አንዴ እጁን ሲዘረጋ። እውነቱ አንድ ነው። ክፉም ቢሆን ይንገረኝና እሱን ብቻ ልይ።»

እጽፍለታለሁ አልኳት።

ጋሼ፣ ውሃው ውስጥ የሆነውን አላውቅም። ይዘኸው ይሆናል። ይዘኸው ለቀኸው ይሆናል። ምናልባትም አላየኸውም ይሆናል፣ ያን ሁሉ መንገድ የሄድከውም ይህችን አንዲት ነገር ላለመናገር ይሆናል። የሆነውን ሁሉ ለእኔ መንገር የለብህም። የኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። ይቅር በይኝ እንድትላትም፣ ይቅር ብዬሃለሁ እንድትልህም አልተባለም። ያየኸውን እንድትሰጣት ብቻ ነው የተጠየቅከው። አንተ እዚያ ተራራ ላይ ብቻህን ከተሸከምከው፣ እሷም እዚህ ባዶ እጇን ከቀረች፣ ሁለታችሁም ከዚያ ውሃ ውስጥ አልወጣችሁም።

አዝመራህን ስብስብና ና። ፔትሳሞን ከገበያ መልስ ከቤቷ አትወጣም። እስከ በሯ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ። አልገባም።

የፈለገውን ያህል ብትቆይ ደጅ ቆማ የምትጠብቅህ እህትህ፣
ማኒቮን