የሚያፈሰው ሜምብሬን

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዓይንሽስ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ተሻለው? ፋሻው እስኪነሳ ማን እንደሚያነብልሽ አውቃለሁና፣ አንድም ቃል ሳይዘል ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። እኔ ከሥራዬ ከመባረሬ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ሥራ አስኪያጁ፣ «በእንግዳ ፊት አዋርደሽዋል፤ ይቅርታ ጠይቂው» ብለሽ የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። እማዬ፣ አልጠይቅም። ለምን እንደሆነ ስሚኝ።

የምሠራው ሜምብሬን ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ነው። ሙጫ የመሰለውን ፈሳሽ መስታወት ላይ አፍስሼ አሳሳዋለሁ፤ ምድጃ ውስጥ ሲደርቅ፣ እንዳይቀደድ ትንፋሼን ይዤ እልጠዋለሁ። በሃይድሮጅን ጋዝ መብራት በሚያመነጨው ማሽናችን ውስጥ ጋዙን ከአየር ለይቶ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። ከተበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ከዚያማ ቃጠሎ ነው።

ዘንድሮ በርካሽ ጥሬ ዕቃ እንድንሠራ ታዘዝን። አዲሱን እያረጠብኩ፣ መልሼ እያደረቅኩ ስፈትነው ተሰነጣጠቀ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት (መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ እንዳልጠራው ያዘዘኝ ራሱ ነው)። «ገዢዎቹ ነገ ይመጣሉ፤ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ» አለኝ። ገዢዎቹ የሆስፒታል ሰዎች ናቸው። ማሽኑ የሚተከለው ደግሞ ከጨቅላዎቹ ክፍል ግድግዳ ሥር ነው።

አልዋሽሽም፣ ዝም ልል ነበር። ግን ከእንግዶቹ አንዷ፣ አዋላጇ፣ «መብራት ሲጠፋ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው እንጂ ሌላ አንፈልግም» ስትል ደሜ ፈላ። አዲሱን ሜምብሬን መሞከሪያው ላይ ወጥሬ፣ ከላዩ ውኃ አፍስሼ፣ ከሥሩ አየር ለቀቅኩበት። ውኃው ሳይጣድ ተንተከተከ። «ይኸው! የምንሸጥላችሁ ይሄንን ነው» አልኩ። አዋላጇ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሥራ አስኪያጁ መታወቂያዬን ከአንገቴ ላይ በጥሶ ወሰደው።

እሷ ግን ኋላ ደውላልኝ፣ «ደህናውን ከሠራችሁ ተመልሰን እንገዛለን» ብላኛለች። ደህናውን መሥራት እችላለሁ። ሥራ አስኪያጁ ከፈለገ ራሱ መጥቶ ይጥራኝ እንጂ፣ እኔ ደጁ ሄጄ አልቆምም።

አንቺ ግን ምከሪው። የእኔን ምክር አልሰማም፤ ያንቺን ቁጣ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ይፈራል። እያነበበልሽ እዚህ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ከደረቀ ውኃ ስጪው።

ፈጣሪ ዓይንሽን ያብራልሽ፤ ለሁለታችንም ያቆይሽ።

ታናሿ ልጅሽ