አምፖል ሲበራ የሚደክም ኮንደንሰር

ሚያዝያ 4፣ ጠዋት
የመበየጃ ካውያው እየጋለ ነው ደብተሬ። አጭር እጽፋለሁ። የጎረቤቴ የወ/ሮ አስቴር የጫጩት መፈልፈያ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቷል። ማሞቂያው ሲነሳ ሁሉም ይጠፋል። ይበራል፣ ደግሞ ይጠፋል። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ደርሰዋል። ያላትን ሁሉ እነሱ ላይ አፍስሳለች። አሁን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ሙቅ ውሃ በጀሪካን አስጠግታላቸዋለች።
ኤሌክትሪኩን አጠራቅሞ የሚያረጋውን ትንሽ ቆርቆሮ፣ ኮንደንሰሩን፣ ነቅዬ በቴስተሬ ለካሁ። መርፌዋ ዘለለች፣ ተመለሰች። ደህና ነው። መልሼ በየድኩት።

ከሰዓት
ሌላውን ሁሉ አየሁ። ምንም የለም። አስቴር መጣች። ይሄን ሥራ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬዋለሁ አልኳት።
«እሱስ ልክ ነው ጋሽ ደምሴ። እንቁላሎቹ ግን አያውቁም።»
መናኸሪያው ጋ ላለችው ወጣት ጠጋኝ፣ ለጫልቱ ልውሰደው አለች። ተናደድኩ። ከእኔ ቤት ሥራ ተነስቶ ሌላ ቤት በሰው እጅ አይሄድም። ራሴ እወስደዋለሁ።

ሚያዝያ 5
አካም ቡልተን አባባ፣ እንዴት አደሩ ብላ ተቀበለችኝ ጫልቱ። ወንበር ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም። ኮንደንሰሩ ደህና ነው፣ ለክቼዋለሁ አልኳት። አልተከራከረችም። እንደ ማሞቂያው ሸክም እንዲሆነው የመኪና የፊት መብራት አምፖል ሳጥኑ ላይ አንጠለጠለች። ስክሪን ያለው መለኪያ አላት። አምፖሉ ሳይበራ ስክሪኑ ላይ ያለው የኤሌክትሪኩ መስመር ቀጥ ያለ ነው። አበራችው። መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ሆነ!
«ባዶ እጁን የቆመ መች ይደክማል አባባ? አሸክመውት ይዩ።»
አጥፊው አልኳት። አጠፋች። አብሪው። አበራች። ደግሜ፣ ደግሜ። የናዝሬት ሙቀት የኮንደንሰሩን ውስጥ አድርቆታል አለች። አዲስ በየደችበት፣ አምፖሉን አበራች። መስመሩ የማለዳ የቆቃ ሐይቅ ውሃ መሰለ። ዝም።
አውራ ጣት የማታክል ቆርቆሮ! ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ይዣት፣ ስትለፋ አይቻት አላውቅም። ያ መስመር አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። ተቀምጬ ኖሯል፣ መቼ እንደተቀመጥኩ እንጃ።

ሚያዝያ 9
ሳጥኑን ያኔውኑ መልሼ ገጥሜላት ነበር፤ ዛሬ አስቴር ጠራችኝ። ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። ምንቃር። ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። ያልወጡ አሉ፣ ቀዝቅዘው ይሆናል። የወጡት ይበዛሉ። ደህና ነው ያልኩት ኮንደንሰር ነበር ጥፋቱ አልኳት። ፊት ለፊት። አንዷን ጫጩት አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ትሞቃለች።
ባለቤቴ ዘነበች በሕይወት ብትኖር፣ ይሄ ግትር ተሸነፈ ብላ ትስቅብኝ ነበር። ትሳቅ።
ነገ ጫልቱ ጋ እሄዳለሁ። የሚሠራ ዕቃ ይዤ አይደለም። በርጩማዬን ይዤ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ልማር።