የከሊፋ ዕዳ በእኔ ላይ ነው

ውድ ከሊፋ፣

አላህ ይዘንልህ። መቼም መልስ አልጠብቅም፤ በሕይወት እያለህም ያን ሁሉ ቴክስት ስልክልህ «እሺ» ብለህ ነበር የምትገላግለኝ።

ካንተ ቀብር ወዲህ አላለቀስኩም፤ እንዳትቀየመኝ። ዳውንታውን የምሠራበት ሆቴል በር ላይ እቆማለሁ፣ የሰከረውን ደግፌ ታክሲ ውስጥ አስገባለሁ፣ ሺፍቴ ሲያልቅ ዊትኒ ሰፈር ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። ሰው «ቡርሃን፣ በርታ» ሲለኝ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ውስጤ ግን ጥርስ ሊነቀል እንደደነዘዘ ድድ ሆኗል፤ የራሴ አይመስለኝም።

የጀናዛህ ለት ኢማሙ እንደ ወጉ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ከሊፋ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፤ ወይ ይቅር ይበለው፣ ወይ የሚሸከምለት ይነሳ» አሉ። ሁሉም ዝም አለ። ዕዳ ያለበት ሰው ነፍሱ ተንጠልጥላ ትቆያለች ሲባል ነው ያደግነው፤ ዝምታው አላስቻለኝም። እጄን አነሳሁና «የከሊፋ ዕዳ በእኔ ላይ ነው» አልኩ። እውነቱን ልንገርህ? የመሰለኝ ለመኪና ጎማ የተበደርካት ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ቢበዛ የሰፈራችን የሚቅዳድ ሱቅ ዱቤ። አበዳሪ ድርጅት ቀብር ላይ መጥቶ እንደማይናገር ማን አሰበው?

በሳምንቱ ሚስትህ ሉባባ ደወለች። አንተ ኡበር ለምትሠራባት መኪና የተበደርከው ገና ብዙ ይቀረዋል አለችኝ። «ተበዳሪው ከሞተ የሚከፍል ኢንሹራንስ ነበረው» ስትል እፎይ ልል ስል፣ «አምና ግን ካንስል አድርጎታል» ብላ ጨመረች።

አቦ ከሊፋ! ምን ነካህ? ልናደድብህ ፈልጌ ንዴቱ እንኳ አልመጣ አለኝ። የታየኝ የራሴ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጆቼ ትምህርት ነው። ሳላውቅ የገባሁትን ቃል ባጥፍ ነውር የለውም እያልኩ ራሴን ሳሳምን ከረምኩ። እሑድ ሉባባ ጋ የሄድኩት «አልችልም፣ ይቅር በይኝ» ልላት ነበር።

ሻይ አቀረበችልኝና አፌን ሳልከፍት እሷ ጀመረች።

«ያን ኢንሹራንስ ሲያቋርጥ እኮ አጠገቡ ነበርኩ። ስፒከር ላይ አድርጎት ነው። የኢንሹራንሷ ሴትዮ አልለቅህም አለችው። ‹ብትሞት ማን ይከፍልልሃል?› ትለዋለች። እሱ ሆዬ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ‹ወንድም አለኝ› አይላት መሰለህ! እኔ ተቆጥቼ፣ ‹የምን ወንድም? አንተ ለእናትህ አንድ አይደለህ እንዴ?› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ቡርሃንስ?› አለኝ።»

ሳቀች። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ልነግራት የሄድኩትን ከሻዩ ጋር ዋጥኩት። ለካ እኔ ኢማሙ ፊት እጄን ሳላነሳ፣ አንተ ገና አምና አሸክመኸኝ ኖሯል። ሳትጠይቀኝ! ብትጠይቀኝ ምን እመልስልህ እንደነበር ግን እንጃ። ያልነገርኩህ ይሄን ነው።

ዛሬ አበዳሪው ቢሮ ሄጄ ቀሪውን ወደ ስሜ አዞርኩት። ኦቨርታይም እገባለሁ፣ ይከፈላል። አብሽር፣ ነፍስህ አትንጠልጠል።

ፈርሜ ስነሳ ያስፈረመችኝ ልጅ፣ «ብድሩ ላይ ኢንሹራንስ ልጨምርልህ?» አለችኝ። «አይ» ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ ያንተ ጓደኛ አይደለሁ? እሷ ግን እንዳንተዋ ሴትዮ የማትለቅ ናት።

«አንድ ነገር ብትሆን የሚከፍልልህ ሰው አለ?»

አፌ ላይ የመጣው ያንተ ስም ነበር።

ብዕሩን መልሼ አነሳሁ።

«ጨምሪው» አልኳት።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ነው ይህን የምጽፍልህ። እንባውም ይኸው መጣ።

ወንድምህ
ቡርሃን